አኮንድሮፕላዚያ ያለበት ልጄ ሲተኛ ትንፋሹ ይቆራረጣል

ጥያቄ፦ የምንኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። የ2 ዓመት ልጄ አኮንድሮፕላዚያ የሚባለው የአጥንት እድገት ችግር እንዳለበት ተነግሮኛል። ሌሊት በኃይል ያንኮራፋል፣ አንገቱን ወደ ኋላ ቀልብሶ ይተኛል፣ አንዳንዴም ትንፋሹ ጥቂት ሰከንድ ጸጥ ካለ በኋላ ባንኖ ይቀጥላል። በላብም ይጠመቃል፤ በዚህ ከተማ ሙቀት ግን ላብን እንደ በሽታ ምልክት ልቁጠረው ወይስ ልተወው ግራ ገብቶኛል። እናቱ ነኝ።

መልስ 1፦ እህቴ፣ ላቡን ለጊዜው ተዪው፤ አሳሳቢው የትንፋሹ መቆም ነው። በዚህ ችግር የፊት መካከለኛ አጥንቶች በሚገባ ስለማያድጉ የአየር መተላለፊያው ይጠባል፤ ቶንሲልና ከአፍንጫ በስተኋላ ያለው እጢ ሲያብጡ ደግሞ ይብሳል። ከዚህ የሚከፋው ግን በራስ ቅል ሥር ያለው፣ ሕብለ ሰረሰር የሚያልፍበት ቀዳዳ ጠቦ የአንጎልን ግንድ ሲጫን ነው፤ ያን ጊዜ መንገዱ ክፍት ሆኖ ሳለ የመተንፈስ ትእዛዙ ራሱ ይቋረጣል። ሁለቱን በማዳመጥ ብቻ መለየት ስለማይቻል የእንቅልፍ ምርመራ፣ እንደ ሁኔታውም ኤምአርአይ ያስፈልጋል።

መልስ 2፦ ሲተኛ በስልክሽ ቪዲዮ ቅረጪና ለሕፃናት ሐኪም አሳዪ፤ ቪዲዮው ምርመራውን ባይተካም ሪፈር ለማጻፍ ይረዳል። ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም እጅና እግሩ ከዛለ ቀጠሮ ሳትጠብቂ ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰጂው።

መልስ 3፦ የእኔ ልጅ ቶንሲሏ ከወጣ በኋላ ማንኮራፋቷ ቀንሷል፤ ሆኖም ምርመራው መደገም ነበረበት።