ተጨማሪው በጀት ለድንገተኛ ክፍሉ ወይስ ለጤና ጣቢያው?

የክርክሩ አቅራቢ፦ በሆስፒታሎቻችን ድንገተኛ ክፍል በስትሮክ (የአንጎል ደም ሥር ሲዘጋ ወይም ሲፈስ)፣ በልብ ድካምና በልብ ሥር መዘጋት የሚመጣው ሰው አልጋውን እየሞላው ነው። ጥያቄዬ ይህ ነው፤ አንድ ክልል ለልብና ለደም ሥር ሕመም የሚሆን ተጨማሪ በጀት ቢያገኝ ቅድሚያውን ለማን ይስጥ? ለሆስፒታሉ ነው፣ ማለትም ለሲቲ ስካን፣ ለልብ ሥር መክፈቻ ክፍል፣ ለጽኑ ሕሙማን አልጋ? ወይስ ለጤና ጣቢያው የግፊት ልኬት፣ ለማይቋረጥ መድኃኒትና ለክትትል መዝገብ? «ሁለቱም ያስፈልጋሉ» የሚለው መልስ አይበቃንም፤ ለሁለቱም የሚበቃ ገንዘብ ቢኖር ኖሮ ባልተከራከርን። የእኔ አቋም ከጤና ጣቢያው ጋር ነው። የሚሞግተኝ ይምጣ።

የድንገተኛ ክፍል ሐኪም፦ እኔ እሞግትዎታለሁ። እኔ የማየው ሰው የነገ ሕመምተኛ አይደለም፤ አሁን በሩ ላይ በወሳንሳ የተኛ ነው። ደረቱን ጨምድዶ የያዘው ሰው በደረሰ በ10 ደቂቃ ውስጥ ኢሲጂ፣ ማለትም የልብ የኤሌክትሪክ ምርመራ፣ ሊነሳ ይገባዋል። የልብ ሥሩ በረጋ ደም ከተዘጋ ጡንቻው እየሞተ ስለሆነ፣ የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት ቶሎ በተሰጠ ቁጥር ይጠቅማል፤ ሕመሙ ከጀመረ 12 ሰዓት ካለፈው ግን ጥቅሙ እጅግ ይቀንሳል። ለስትሮክ ደግሞ ጊዜው ከዚህም ያጠረ ነው፤ ምልክቱ ከታየ 4 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ መሰጠት አለበት፤ ያውም በሲቲ ስካን ደም አለመፍሰሱ ከተረጋገጠ በኋላ። እኛ ዘንድ ሕመምተኛው ከጤና ጣቢያ ወደ መጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል፣ ከዚያ ወደ አጠቃላይ ሆስፒታል፣ ከዚያ ወደ ስፔሻላይዝድ እየተላከ፣ የሪፈር ወረቀቱ በእጁ ተጨማድዶ በሦስተኛው ቀን ይደርሳል። ለዚህ ሰው «ከ10 ዓመት በፊት ግፊትህን ብትለካ ኖሮ» ልበለው?

የወረዳ ጤና መኮንን፦ ዶክተር፣ ያሉት ሁሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን የተናገሩት ለእኔ ምስክር ሆነኝ። ሰው በሦስተኛው ቀን የሚደርስ ከሆነ የ4 ሰዓት ተኩሉ መድኃኒት ቢገዛ ማንን ያድናል? ሌላም አለ። በእኛ አገር ስትሮክ ውስጥ የደም መፍሰሱ ዓይነት ድርሻ ከበለጸጉት አገሮች ከፍ ያለ ነው። ደም ለፈሰሰበት አንጎል ደም የሚያሟሟ መድኃኒት አይሰጥም፤ ዋናው መንስኤም ያልተያዘ የደም ግፊት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የተደረገው አገር አቀፍ ጥናት እንዳሳየው ከ100 አዋቂዎች 16 ያህሉ ከፍተኛ የደም ግፊት አለባቸው፤ ከ4 ሰዎች 3ቱ ገደማ ደግሞ በሕይወታቸው ተለክተው አያውቁም። የላይኛውን ግፊት በ10 ነጥብ ዝቅ ማድረግ ብቻ የስትሮክን አደጋ በሩብ ያህል ይቀንሳል። ይህን የሚሠራው አምሎዲፒንና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ነው፤ ሁለቱም የቆዩና ርካሽ መድኃኒቶች ናቸው።

ደም ብዛት አያምምም። ችግሩ እዚያ ላይ ነው። አንዲት እናት የመድኃኒቱን ባዶ ማሸጊያ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው መጡ። ፈትተው አሳዩኝና «ልጄ፣ ይኼን ስጨርስ ተሻለኝ፤ ለምን እደግማለሁ ብዬ ተውኩት» አሉኝ። ግፊታቸውን ስለካ የላይኛው ከ200 በላይ ነበር፤ እርሳቸው ግን ራስ ምታት እንኳን አልነበራቸውም። እኚህን እናት ድንገተኛ ክፍል ከመድረሳቸው በፊት ማግኘት የሚችለው ማነው? የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ናት እንጂ ሲቲ ስካኑ አይደለም።

የመድኃኒት ባለሙያ፦ ወንድሜ ጤና መኮንኑ በጎ ተናግረዋል፤ ግን ስለ ባዶው መደርደሪያ አልተናገሩም። ክኒኑ ርካሽ ነው፤ ወር ሳይዘልል ማግኘት ነው የሚከብደው። በማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን የታቀፈ ሰው መታወቂያውን ይዞ ይመጣል፤ የተቋሙ መድኃኒት ቤት «አልቋል» ካለው ከውጭ በገዛ ገንዘቡ ይገዛል፤ ገንዘብ ያጣ ደግሞ ግማሽ ክኒን እየቆረሰ ይውጣል ወይም ጨርሶ ይተወዋል። ሰውዬው ቸልተኛ ስለሆነ አቋረጠ የሚለውን ወቀሳ እኔ አልቀበልም። በጾም ወቅት ሰዓቱ የተምታታበት፣ ጠበል ገብቶ ክኒኑን ያስቀመጠ አለ፤ የሚያስረዳው ካገኘ ግን ይመለሳል። መጥቶ ባዶ እጁን የተመለሰ ሰው ነው የማይመለሰው።

አባቷን የምታስታምም፦ እኔ ባለሙያ አይደለሁም። አባቴ ግማሽ አካሉ አልታዘዝ ካለው ወዲህ የማስታምመው እኔ ነኝ፤ አፉ ተጣሞ ቃል አልወጣ ሲለው ጎረቤት «ምች ነው» ብሎ ዳማከሴ ይዞልን መጣ፤ እኛም አመንን። ግፊት እንዳለበት ቀድሞ ተነግሮት ነበር፤ ከአንድ ጤና ጣቢያ የአንድ ወር ክኒን ወስዶ በሁለተኛው ወር የለም ተባለ፤ ከዚያ በኋላ የት ቀረህ ብሎ የጠየቀው የለም። ስለዚህ የመድኃኒት ባለሙያው የተናገሩት የእኛ ቤት ታሪክ ነው።

ግን ለሁላችሁም አንድ ቅሬታ አለኝ። የምትከራከሩት ሰው ከመታመሙ በፊትና በታመመበት ሰዓት ላይ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላስ? ስንወጣ የሰጡን ወረቀት ብቻ ነው። አባቴን በየ2 ሰዓቱ እንዳገላብጠው፣ ሳይቀመጥ እንዳላበላው፣ ውኃ ትን ካለው ወደ ሳንባው እንደሚገባ የነገረኝ አንድም ሰው አልነበረም። ጀርባው ቆስሎ ነው የተማርኩት። ለዚህ የትኛውም ማሽን አያስፈልግም፤ ግማሽ ሰዓት ቆሞ የሚያሳይ ሰው በቂ ነበር። ይህ በየትኛው በጀት ውስጥ ነው?

የልብ ሕሙማን ክፍል ነርስ፦ እህቴ፣ እግዚአብሔር አባትሽን ይማርልሽ። ስለ ማስታመም ያነሳሽው ነገር ከሁላችንም የተሻለ ነጥብ ነው፤ ከክፍል ከመውጣት በፊት ማስተማር የእኛ ሥራ ነው።

እኔ የምጨምረው፣ እስካሁን ሁሉም ስለ ግፊት ነው የሚያወራው። በልብ ድካም የሚመጡት ወጣቶቻችን ብዙዎቹ ግፊት የላቸውም። በልጅነት የጉሮሮ ሕመም በአግባቡ ሳይታከም ቀርቶ የልብ ቫልቫቸው፣ ማለትም ደም የሚያሳልፈው የልብ በር፣ የተጎዳ ናቸው። ልጅቷ ልቧ መታመሙን ሳታውቅ ትፀንሳለች፤ ደሟ በእርግዝና ሲጨምር የጠበበው ቫልቭ ማሳለፍ ያቅተዋል፤ ሳንባዋ ውኃ ቋጥሮ፣ መተኛት አቅቷት፣ ቁጭ ብላ እያቃሰተች ትደርሳለች። በጥቁር አንበሳ ግቢ ያለው የልብ ማዕከል በሕዝብ መዋጮ ጭምር የቆመ ነው፤ ለቀዶ ሕክምና የሚጠብቁት ሕፃናት ወረፋ ግን ረጅም ነው። በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የሚወጋ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ቫልቩ እንዳይባባስ ይከላከላል። ይህንንም መርፌ አንዳንድ ጤና ጣቢያዎች አለርጂ ቢነሳብንስ ብለው ፈርተው አይወጉም። አድሬናሊን አጠገባቸው አስቀምጠው፣ ሠልጥነው ቢወጉ ምን ይጎድልባቸዋል? ድምፄን ለጤና ጣቢያው እሰጣለሁ፤ ግን የግፊት መለኪያ ብቻ ይዞ እንዳይቀር።

በጤና በጀት ላይ የሠራ፦ ሆስፒታሉ ለምን ሁልጊዜ እንደሚያሸንፍ ልንገራችሁ። ማሽን አንዴ ይገዛል፣ ይመረቃል፣ ፎቶ ይነሳል። ክኒን በየወሩ መገዛት አለበት፤ ለእርሱ ሪባን የሚቆርጥ የለም። የልብ ሥር መክፈቻ ክፍል ደግሞ ከተመረቀ በኋላ የተዘጋውን ሥር የሚያሰፋው ፊኛ፣ ሥሩን ከፍቶ የሚይዘው ስቴንት፣ የምስል ማጉያ ፈሳሹ ሁሉ በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ነው፤ ምንዛሪው ሲጠፋ ክፍሉ ተቆልፎ ይቀመጣል።

ለጤና ጣቢያው ደግሞ ማስረጃ ከፈለጋችሁ ከራሳችን አገር አለ። እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ የኤች አይ ቪ መድኃኒት በነጻ ተሰጥቷል፤ ቀጠሮ የዘለለውን ሰው ቤቱ ድረስ ሄደው ይፈልጉት ነበር፤ ዕድሜ ልክ የሚወሰድ መድኃኒት በጤና ጣቢያ ደረጃ መስጠት እንደሚቻል ታይቷል። የዚያን ጊዜ ገንዘቡ በአብዛኛው የለጋሾች ነበር፤ ለግፊት እንዲያ ያለ ለጋሽ የለም። ለዚህ ነው ክልሉ ራሱ ይመድብ የምለው።

የድንገተኛ ክፍል ሐኪም፦ የልብ ሥር መክፈቻ ክፍሉ ይዘግይ፤ በምንዛሪው ነገር አልከራከርም። ነገር ግን «ሆስፒታል» በተባለ ቁጥር ማሽን ብቻ እየታያችሁ ነው። እኔ የምለምነው ሌላ ነው፦ የሚሠራ ኢሲጂና እርሱን የሚያነብ ሰው በሌሊትም፤ ኦክስጅን፤ ለሳንባ ውኃ ፍሮሴማይድ፤ የሚታኘክ አስፕሪን፤ ማን ቀድሞ ይታይ የሚለውን በር ላይ የምትለይ የሠለጠነች ነርስ። ነርሷ የተናገሩላትን ነፍሰ ጡር የማተርፋት በእነዚህ ነው። እነዚህ ይቀነሱና ለክኒን ይሁኑ ከተባልኩ አልስማማም። ይጠበቁ ከተባለ ግን የተረፈው ብር ሁሉ ወደ ጤና ጣቢያው ይሂድ፤ እኔም እፈርማለሁ።

የወረዳ ጤና መኮንን፦ በዚህ ተስማምተናል፤ አስፕሪኑና ኢሲጂውም ወደ እኛ ይውረድ፤ ሕመምተኛው መጀመሪያ የሚደርሰው እኛ ዘንድ ነውና። የማልስማማበት አንድ ነገር ግን ቀርቷል። የወረዳው አምቡላንስ ለወላድ እናቶች ተብሎ የተመደበ ነው፤ ደረቱን ያመመው ሰው ሲደውል «ለወላድ ነው» ይባላል። አምቡላንሱ ለልብና ለስትሮክም ይውጣ ካላችሁ፣ በዚያው ሰዓት ምጥ የያዛትን እናት ማን ያነሳታል? ይህን ሳንመልስ በጀቱን ለማንም አንደልድለው።