የክለሳ ካርዶቼ ተቆልለው አላልቅ አሉኝ

የ12ኛ ክፍል ባዮሎጂን የማጠናው በካርድ ነው፤ ፊቱ ላይ ጥያቄ፣ ጀርባው ላይ መልስ። በቀን 40 አዲስ ካርድ እጽፍና እያንዳንዱን በ1ኛው፣ በ3ኛው፣ በ7ኛውና በ14ኛው ቀን እከልሳለሁ። የሳትኩት እንደገና ከ1ኛው ቀን ይጀምራል። ሁለት ሳምንት ሲሞላ የዕለቱ ክለሳ ብቻ 160 ካርድ ደረሰ፣ የሳትኳቸው ሳይቆጠሩ። ማታ ያለኝ ጊዜ ደግሞ 60 ደቂቃ ነው።

በብዛት የሚያስቸግሩኝ ብዙ ነገር ባንዴ የሚጠይቁት ናቸው። «የፎቶሲንተሲስን ደረጃዎች አብራራ» የሚለውን አራቴ ሳትኩት። «የካልቪን ዑደት የት ይካሄዳል?» «ስትሮማ ውስጥ» እያልኩ ስከፋፍለው ወዲያው ያዝኩት፤ ግን አንዱ ካርድ አምስት ሆነ። ጊዜ ለመቆጠብ መልሱን ዝም ብዬ ማንበብም ሞክሬያለሁ፤ ያወቅኩት ይመስለኛል፣ በማግስቱ ግን የለም።

ለፈተናው ሦስት ወር ቀርቷል። በ60 ደቂቃ ክለሳው እንዲያልቅልኝ አዲስ ካርድ በቀን ስንት ላድርግ?