ጀማሪ የመንገድ ግንባታ ተቆጣጣሪዎችን ለማብቃት ምክር ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦች፣ በሰሜን ሸዋ፣ ከደብረ ብርሃን ብዙም በማይርቅ የመንገድ ፕሮጀክት በአማካሪው በኩል የምሠራ መሐንዲስ ስሆን፣ በሥሬ የተመደቡትን አራት ጀማሪ ተቆጣጣሪዎች በምን መንገድ እንደማበቃ ግራ ስለገባኝ እርዳታችሁን እጠይቃለሁ።

ልጆቹ የሙከራዎቹን ቅደም ተከተል ያውቃሉ፤ የሚቸግራቸው ውጤቱን መቼ ማመን፣ መቼ መጠራጠር እንዳለባቸው መለየት ነው። ባለፈው ሳምንት አንደኛው የሰብ ቤዙን (ከመንገዱ የላይኛው ንጣፎች ሥር ያለውን ንጣፍ) ጥግግት በሳንድ ኮን፣ ማለትም ጉድጓድ ቆፍሮ ይዘቱን በሚሞላው አሸዋ መጠን በማስላት ሲለካ፣ ሮለሩ (መጠቅጠቂያ ማሽኑ) አጠገቡ ይሠራ ነበር። ንዝረቱ ጉድጓዱ ውስጥ ያለውን አሸዋ ስለሚያጠጋጋው ከሚገባው በላይ አሸዋ ይገባል፤ በዚህም የጉድጓዱ ይዘት ከእውነቱ በልጦ ሲሰላ ጥግግቱ ዝቅ ብሎ ይታያል። በውላችን የሚፈለገው በቤተ ሙከራ ከተገኘው ከፍተኛ ጥግግት 95 በመቶ ሆኖ ሳለ 92 ተመዘገበ፤ ተቋራጩ ተቃወመ፤ ሮለሩ ቆሞ ሲደገም አለፈ። ከዚያ ወዲህ ልጁ በትክክል የወደቀውንም ሥራ ለመጣል ያመነታል።

ሌላው ችግር ከሙያው ይልቅ የአስተዳደጋችን ጉዳይ ይመስለኛል፤ ፎርማኑን «ጋሼ» ብሎ የሚጠራ የ23 ዓመት ወጣት፣ ለዚያው ሰው የሥራ ማስቆሚያ ጽፎ መስጠት ይከብደዋል። እኔ በመካከል ስገባ ደግሞ ሥልጣኑን እነጥቀዋለሁ።

ሆን ተብሎ የተበላሸ ሙከራ አሳይታችሁ ያስተማራችሁ ካላችሁ፣ እንዴት እንዳደረጋችሁት ብትነግሩኝ? ተቆጣጣሪው ብቻውን እንዲፈርም ከመፍቀዳችሁ በፊትስ በምን ትመዝኑታላችሁ? ዝናቡ ሰኔ ላይ ከመጀመሩ በፊት ቢደርሰኝ ይጠቅመኛል።