ፌዘሩ ከ6/8 ምት ጋር አልገጥም አለኝ

ሰላም ወገኖች፣ ከሐዋሳ ነኝ። በ6/8 የሚሄድ የችክችካ ዘፈን ሚክስ እያደረግኩ ነው። ክራሩ ላይ ፌዘር (ድምፁን እየከፈተና እየዘጋ የሚያወዛውዝ ኢፌክት) ጭኜ አንዱ የኤልኤፍኦ (ፌዘሩን በዝግታ ወዲያና ወዲህ የሚያንቀሳቅሰው ሞገድ) ዙር ልክ ሁለት ባር እንዲሞላ እፈልጋለሁ። ሁለቱ ባር 2.4 ሰከንድ ነው፤ በኸርዝ (በሰከንድ የዙር ብዛት) 0.4167 ገደማ መሆኑ ነው። የፌዘሩ ፕለጊን (ሶፍትዌሩ) ግን ከነጥብ በኋላ ሁለት አሃዝ ብቻ ስለሚቀበል 0.42 ላይ ይቆማል። መግቢያው ላይ ልዩነቱ አይሰማም፤ ወደ ሁለት ደቂቃ ተኩል ሲጠጋ ግን ድምፁ መከፈት ባለበት ቦታ ይዘጋል። በቴምፖ ሲንኩም (ዙሩን ከዘፈኑ ፍጥነት ጋር በሚያስተሳስረው) ያለው ለ4/4 የሚሆን ምርጫ ብቻ ነው። ፊድባኩን (የፌዘሩ ድምፅ ተመልሶ ወደ ራሱ የሚገባበትን መጠን) ስቀንስ መንሸራተቱ ይደበቃል፣ ያ የምወደው ፉጨትም አብሮ ይጠፋል። ኤልኤፍኦውን አጥፍቼ የፌዘሩን ፍሪኩዌንሲ በአውቶሜሽን (በጊዜ መስመሩ ላይ መስመር እየሳልኩ) ባንቀሳቅስ ይሻላል ወይስ በየአዝማቹ መጀመሪያ ዙሩን እንደ አዲስ ማስጀመሪያ ዘዴ አለ? የዘፈኑ ነፍስ ክራሩ ነውና የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።