የእናቴን የአዩርቬዳ ምግብ እዚህ በምን ልተካው?

የእማዬ ልጅ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። እናቴ 63 ዓመቷ ነው፣ ስኳር አለባት፣ ሜትፎርሚን ትወስዳለች። ለጉልበቷ ሕክምና ህንድ ሄዳ እግረ መንገዷን አዩርቬዳ (የህንድ ባህላዊ ሕክምና) ባለሙያ ጋር ገባችና አንድ ወረቀት ይዛ መጣች። ሙንግ ዳል፣ ገብስ፣ አብሽ፣ ካሬላ የሚሉት መራራ ነገር ብዪ፣ ኡራድ ዳል የሚሉት ሌላ ጥራጥሬና እርጎ ተዪ ይላል። ሥጋና እንቁላልማ ጾሙንም ምክንያት አድርጋ ከነጭራሹ ትታለች። ሙንግ ዳል እዚህ ምን ይባላል? ፕሮቲኑስ ይበቃታል?

ዳቦቆሎ፦
ማሾ ነው እኮ እህቴ! ሸዋ ሮቢት በኩል ሞልቷል። ዳል የሚሉት ሲከካ ነው። ህንድ ስማር ማሾና ሩዝ አንድ ላይ ቀቅለው ኪችዲ ይሉታል፣ ለታመመ ሰው የሚሰጡት እሱን ነው፣ ሆድ አይከብድም ብለው። ኡራድን ግን ከባድ ነው ይላሉ። ለእናትሽ ሩዙን በገብስ ቂንጬ ተኪው። ማሾውን እንደ በቆልት አብቅለሽም ይበላል።

ነርሷ፦
አንድ ትልቅ ኩባያ የበሰለ ማሾ 14 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው። ግን ወደ 40 ግራም ካርቦሃይድሬትም አለው! ስለዚህ ማሾው ሲጨመር እንጀራው ይቀነስ። ፕሮቲን ከማብዛታችሁ በፊት ኩላሊቷ ይታይ። ቫይታሚን ቢ12 ደግሞ አትርሺ፣ ሜትፎርሚን ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ይቀንሰዋል፣ እሷ ደግሞ እንቁላልም አትበላ።

የእማዬ ልጅ፦
እሺ ሲስተር፣ ቢ12 የሚባለውን ማንም አልነገረንም። ሽሮስ? አብሹንስ ጠዋት በባዶ ሆዷ ትጠጣዋለች። የሆነ ዱቄት መድኃኒትም ሰጥተዋታል።

ነርሷ፦
የሽምብራ ሽሮ ጥሩ ነው፣ ጓያ ያለበትን ግን አትግዢ። አብሽ ስኳር ያወርዳል። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላሚድ የሚባለውን የስኳር ክኒን ብትወስድ ኖሮ ስኳሯ ከልክ በላይ እንዳይወርድ እሰጋ ነበር፣ ሜትፎርሚን ብቻ ከሆነ ያን ያህል አያሰጋም። ብቻ እየለካችሁ።

አባ መላ፦
ዱቄቱን ባትነኩት ይሻላል። አንዳንዱ የአዩርቬዳ መድኃኒት ውስጥ ሜርኩሪና እርሳስ ሆን ተብሎ ይገባል። ምግቡን ያዙ፣ ዱቄቱን መጀመሪያ ለሐኪሟ አሳዩ።

የእማዬ ልጅ፦
ዱቄቱን ደብቄዋለሁ። ነገ ማሾ ፍለጋ መርካቶ ነኝ። ካሬላውን ግን ህንድ እያለች ቀምሳ «ይሄማ ኮሶ ነው» ብላ ትታዋለች 😂