በቃል ማጣሪያ የተሰወረ ጽሑፍ ለምን እንደተሰወረ ለተጠቃሚው እንዴት እናሳየው?

ጠያቂ (ቱሉ ዲምቱ)

ሰላም ለሁላችሁ። በቱሉ ዲምቱና በኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየሞች የሚኖሩ ሰዎች ስለ ውሃ ፈረቃ፣ ስለ መብራት መጥፋት፣ ስለ ቤት ኪራይና ስለ ጠፋ ዕቃ የሚጻጻፉበትን አነስተኛ ማኅበራዊ መድረክ ከጓደኞቼ ጋር ሠርተን እናስተዳድራለን። መድረኩ ሁለት ዓይነት የቃል ማጣሪያ አለው። አንደኛው እያንዳንዱ ተጠቃሚ ማየት የማይፈልገውን ቃል ራሱ የሚመዘግብበት የግል ማጣሪያ ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ እኛ አስተዳዳሪዎች ስድብንና የማጭበርበሪያ ማስታወቂያን ለመከላከል ያዘጋጀነው የጋራ ዝርዝር ነው። በየትኛውም የተያዘ ጽሑፍ ቦታ ላይ በአሁኑ ሰዓት የሚታየው «ይህ ጽሑፍ ተሰውሯል» የሚል አንድ መስመር ብቻ ነው።

ይህን መስመር ያየ ሰው ጽሑፉን ራሱ ያስመዘገበው ቃል ይሰውረው ወይም እኛ እንሰውረው የሚያውቅበት መንገድ የለውም። በቅርቡ ከገላን የሚነሣው ታክሲ መነሻ ቦታው መቀየሩን የሚናገር ጽሑፍ ለማንም ሳይታይ ቀረ። ስንመረምረው ከብልግና ማስታወቂያዎች የተነሣ በጋራ ዝርዝሩ ላይ የሰፈረው «ገላ» የሚለው ቃል ነበር የያዘው። አንዳንድ ነዋሪዎች ግን የተራ አስከባሪዎችን ላለማስቀየም ሆን ብለን የደበቅነው መስሏቸው ነበር።

ምክንያቱን ለማሳየት ተስማምተናል። ያልተስማማነው በመጠኑ ላይ ነው። ቃሉን ራሱን እናሳይ? ለአንባቢው ብቻ ነው ወይስ ለጻፈውም ሰው? አንደኛው ጓደኛዬ ቃሉን ከነገርናቸው ተሳዳቢዎች ፊደል እየቀየሩ ያመልጡናል ብሎ ይሰጋል።

መልስ 1፦ ፕሮግራመር (ለገጣፎ)

በመጀመሪያ ሰርቨራችሁ ምን እንደሚያስቀምጥ ተመልከቱ። ማጣሪያው የሚመልሰው «ተይዟል» ወይም «አልተያዘም» ብቻ ከሆነ፣ በገጹ ላይ የሚጻፍ ምክንያት ከየትም አይመጣም። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2022 የወጣው ማስቶዶን 4.0 (ማስቶዶን ማኅበራዊ መድረክ የሚሠራበት ፕሮግራም ነው) ለዚህ ጥሩ አርአያ ነው። ከእያንዳንዱ የተያዘ ጽሑፍ ጋር የትኛው ማጣሪያ እንደያዘውና የትኞቹ ቃላት እንደተገጣጠሙ የሚገልጽ መረጃ ከሰርቨሩ አብሮ ይላካል። በገጹ ላይ በቅድሚያ የሚታየው ግን ተጠቃሚው ራሱ ለማጣሪያው የሰጠው ርእስ ሲሆን፣ ጽሑፉን ማየት የፈለገ ሰው ከዚያው ላይ ሊከፍተው ይችላል። ተጠቃሚው «ሙሉ በሙሉ ይሰወር» የሚለውን ከመረጠ ደግሞ ጽሑፉ ያለ አንዳች ምልክት ይቀራል።

በቅድሚያ ርእሱን ማሳየት ተገቢ ይመስለኛል። እናቷን በካንሰር ያጣች ተጠቃሚ «ካንሰር» የሚለውን ቃል የምታስመዘግበው ቃሉን ላለማየት ነው፤ በየተሰወረው ጽሑፍ ቦታ ላይ ያንኑ ቃል በጉልህ ከጻፋችሁላት ማጣሪያው ጥቅም አልሰጣትም። ስለዚህ መጀመሪያ «በእርስዎ ማጣሪያ ተሰውሯል» የሚለው መስመር ከርእሱ ጋር ይታይ፤ ቃሉ «ለምን?» የሚለውን ለነካ ሰው ብቻ ይከፈት። ስልኩን በታክሲ ውስጥ ከጎኑ የተቀመጠ ሰው እያየበት ለሚያነብ ሰውም ይኸው ይሻላል።

«ለምን?» ሲነካ ግን የተመዘገበውን ቃል ብቻ ማሳየት በአማርኛ አይበቃም። «ገላ» የሚለው ቃል «ገላን»ን የያዘው ፕሮግራሙ በቃሉ ውስጥ ያለውን ቁራጭ ሁሉ ስለሚፈልግ ነው። «ሙሉ ቃል ብቻ» የሚል ምርጫ እንጨምር ትሉ ይሆናል። ጃቫስክሪፕት በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ የተለመደው የቃል ድንበር ምልክት የሚያውቀው የላቲን ፊደላትን፣ አሃዞችንና የግርጌ ሰረዝን ብቻ ስለሆነ በግእዝ ፊደል ላይ አይሠራም፤ እ.ኤ.አ. በ2018ቱ የቋንቋው ደረጃ የገባውን በዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር በሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት) ባሕርይ የመፈለግ ዘዴ ተጠቅማችሁ ድንበሩን ራሳችሁ መጻፍ ይኖርባችኋል። ይህ ከተሠራ በኋላም «በ»፣ «ለ»፣ «ከ» እና «የ» ከቃሉ ጋር ተጣብቀው ስለሚጻፉ እነርሱን መግፈፍ ግድ ይሆናል። ከመጨረሻው ደግሞ የተሳቢውን «ን» ስትገፍፉ «ገላን» ተመልሶ «ገላ» ይሆንባችኋል። ፕሮግራሙ ሰፈሩን ከሰውነቱ የሚለይበት ብልሃት በዚህ ደረጃ የለውም። ሰው ግን የተያዘው ቁራጭ ቀለም ተቀብቶ፣ ከፊትና ከኋላው ካሉት ጥቂት ቃላት ጋር «…ታክሲ ከገላን የሚነሣው…» ተብሎ ቢታየው ወዲያውኑ ይለየዋል። ማሳየት ያለባችሁም ይህንኑ ነው፤ ከሥሩ «ስሕተት ነው» የሚል ቁልፍ ብታኖሩበት የጋራ ዝርዝራችሁን የሚያርምላችሁ አንባቢው ራሱ ይሆናል።

ተቃራኒውም አለ። «ደላላ»ን ያስመዘገበ ሰው «ደላሎች» ሳይያዝለት ይቀራል፤ ምክንያቱም በፊደላችን «ላ» ወደ «ሎ» ሲለወጥ በዩኒኮድ ሌላ ቁጥር ያለው ፊደል ይሆናል። ሰውየው ተናድዶ «ደላ» ብሎ ያሳጥረዋል፤ ከዚያ «ውሃው መጥቶ ደላን» ያለው ጎረቤቱ ይሰወርበታል። ምክንያቱ ካልታየው በራሱ እጅ የሠራውን እናንተ ላይ ያላክካል።

መልስ 2፦ የገጽ አስተባባሪ (ሰበታ)

እኔ በጻፈው ሰው በኩል ያለውን ላንሣ። በፌስቡክ ገጾች ላይ የተደበቀ አስተያየት ለጻፈው ሰውና ለጓደኞቹ ይታያል፤ ከሌላው ብቻ ይሰወራል። ይህ አሠራር ክርክርን ስለሚቀንስ ለትልቅ ገጽ ይመች ይሆናል። እናንተ ግን በአንድ ብሎክ፣ በአንድ እድር ውስጥ ላሉ ሰዎች ነው የምትሠሩት። ሁለት ጎረቤታሞች ደረጃ ላይ ተገናኝተው «የጻፍኩትን አይተኸዋል?» በተባባሉ ጊዜ ነገሩ ይገለጣል፤ ከዚያ በኋላ የምትሰጡት ማብራሪያ ሁሉ እንደ ማምለጫ ነው የሚቆጠረው። ስለዚህ በጋራ ዝርዝሩ ለተያዘ ጽሑፍ ባለቤቱ ወዲያውኑ ማሳወቂያ ይድረሰው፤ የያዘው ፕሮግራም ነው ወይስ ሰው የሚለውም በግልጽ ይነገረው።

ተሳዳቢው ያመልጣል የሚለው ስጋት እውነት አለው፤ ነገር ግን ተሳዳቢ የሆነ ሰው «ሀ»ን በ«ሐ» መተካትንና በፊደላት መካከል ነጥብ መክተትን ከእናንተ አይማርም። ዝርዝሩን በመደበቃችሁ የሚጎዳው በቅንነት የጻፈው ነው። ከዚህ የምለየው ጅምላ የማጭበርበሪያ ማስታወቂያን ብቻ ነው፤ ለእርሱ የያዘውን ቃል መንገር አያስፈልግም። የአውሮፓ ኅብረት የዲጂታል አገልግሎቶች ሕግም ተመሳሳይ መስመር ይከተላል፦ አንቀጽ 17 ጽሑፉ ለተገደበበት ሰው ምክንያቱና አቤት የሚልበት መንገድ እንዲነገረው፣ ውሳኔው በፕሮግራም የተሰጠ እንደሆነም እንዲገለጽለት ያዛል፤ ነገር ግን በብዛት የሚለቀቅ አታላይ የንግድ ይዘትን ከዚህ ግዴታ ውጭ ያደርጋል። በአገራችን ያለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን በሚመለከት ማኅበራዊ ሚዲያዎች ጥቆማ በደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያነሡ የሚጠይቅ ስለሆነ፣ በዚያ የምታነሡትን ጽሑፍ በቃል ማጣሪያ ከተሰወረው ለይታችሁ በሌላ መልእክት አስታውቁ።

የግል ማጣሪያን በተመለከተ አንድ ጥብቅ ነገር ልበል። አንድ ሰው የጎረቤቱን ስም ቢያስመዘግብ ጎረቤቱ ይህን በምንም መንገድ ማወቅ የለበትም። «ጽሑፍዎ ለአምስት ሰዎች ተሰውሯል» የሚል ቁጥር እንኳ በትንሽ ሰፈር ውስጥ ጠብ ያስነሣል።

ጠያቂ

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ለጻፈው ሰው የሚደርሰውን መልእክት እንዲህ አርቅቄዋለሁ፦ «ጽሑፍዎ በመድረኩ የጋራ ዝርዝር ስለተያዘ ለጊዜው ለሌሎች አይታይም። የያዘው ፕሮግራም ነው፤ ሰው ገና አላየውም። የተያዘው ክፍል ከዚህ በታች ቀለም ተቀብቷል። ስሕተት ነው ብለው ካመኑ ይህን ይንኩ፤ አስተዳዳሪ ያየዋል።» የቀረኝ ጥያቄ ሁለት ነው። «ሀ፣ ሐ፣ ኀ» እና «ሰ፣ ሠ»ን አንድ አድርገን ስናነጻጽር ቀለሙ በትክክለኛው ቦታ ላይ ያርፋል? አማርኛን በላቲን ፊደል የሚጽፉትንስ እንዴት እንያዝ?

መልስ 1፦ ፕሮግራመር (ለገጣፎ)

ረቂቁ ጥሩ ነው። «ለጊዜው» ያላችሁት ግን አስተዳዳሪ በትክክል የሚያየው ከሆነ ብቻ ይቆይ።

የዩኒኮድ መደበኛ አስተካካይ «ሀ»ን እና «ሐ»ን አንድ አያደርጋቸውም፤ ሰንጠረዡን ራሳችሁ ትጽፋላችሁ። አንድ ፊደል በአንድ ፊደል ሲተካ ርዝመቱ ስለማይለወጥ ቀለሙ ከቦታው አይዛነፍም። «ሉዋ»ን ወደ «ሏ» ስትለውጡ ወይም በፊደላት መካከል የገባ ነጥብ ስትጥሉ ግን ጽሑፉ ስለሚያጥር፣ እያንዳንዱ ፊደል በመጀመሪያው ጽሑፍ ላይ የነበረውን ቦታ አብራችሁ መዝግቡ። ለተጠቃሚው የሚታየው ምንጊዜም ጸሐፊው እንደጻፈው ይሁን፤ እናንተ ያስተካከላችሁትን ፊደል ካሳያችሁት «እኔ እንዲህ አልጻፍኩም» ይላችኋል፤ ልክም ነው።

የላቲኑን ዝርዝር ከአማርኛው ጋር አትቀላቅሉት። በእናንተ አካባቢ አፋን ኦሮሞ የሚጽፉ ብዙ ሰዎች አሉ፤ ቁቤም የላቲን ፊደል ስለሆነ ለአማርኛ ስድብ የተዘጋጀ ቁራጭ ምንም ጥፋት የሌለበትን የኦሮምኛ ቃል ሊይዝ ይችላል። ለላቲን ሙሉ ቃል ብቻ ይፈለግ፤ ወደ ዝርዝሩ ከመግባቱ በፊትም አፋን ኦሮሞ የሚያውቅ ሰው ይየው። ከዚህ ሌላ፣ ጽሑፉ በተያዘበት ሰዓት ዝርዝሩ ምን ይመስል እንደነበር አስቀምጡ፤ ዛሬ «ገላ»ን ብትሰርዙት ትናንት በእርሱ ለተሰወረው ጽሑፍ የምታሳዩት ምክንያት አብሮ ይጠፋል።