ጥቆማ፦ ፌልክሊንገን ወይስ ዞልፈራይን? ሃይደልበርግ ወይስ ራይንፌልስ?

ጠያቂ፦ ከፍራንክፈርት በመኪና ተነሥተን አሮጌ ፋብሪካ (ፌልክሊንገን ወይም ዞልፈራይን) እና የግንብ ፍርስራሽ (ሃይደልበርግ ወይም ራይንፌልስ) ልናይ አስበናል። ጊዜያችን ከየዓይነቱ ለአንዱ ብቻ ስለሚበቃ፣ የሄዳችሁ ብታመዛዝኑልን ትልቅ ውለታ ነው። ሕፃን በጋሪ ይዘናል።

የዛርላንድ ነዋሪ፦ የፌልክሊንገን ብረት ማቅለጫ ይሻላችኋል። በ1986 እ.ኤ.አ. ምድጃዎቹ ሲጠፉ መሣሪያው ባለበት ስለቀረ፣ የብረት ማዕድኑ በተንጠልጣይ ፉርጎ ወደ ምድጃው አፍ የሚወጣበትን መስመር ከሥር እስከ ላይ በዓይን መከተል ይቻላል። ዩኔስኮም በ1994 መዝግቦታል።

መንገደኛ፦ መኪና የምትከራዩ ከሆነ ተጠንቀቁ። ስሙን የማልጠራው አከራይ ከመረከባችን በፊት የነበረን ጭረት በእኛ ላይ ቆጥሮ ከመያዣው ገንዘብ ቀነሰብን፤ አቤት ብንልም ሰሚ አላገኘንም።

ተሳታፊ፦ በእኛም ደርሷል። ቁልፍ ከመቀበላችሁ በፊት ጎማውንና ጣሪያውን ሳይቀር በቪዲዮ ቅረጹ።

መንገደኛ፦ ቪዲዮ ነበረን እኮ! አላዩልንም።

የኤሰን ነዋሪ፦ ጠያቂዋ ስለ ኪራይ አንድም ቃል አላነሡም። ለጋሪ የሚመቸው በኤሰን ከተማ ያለው የቀድሞው የከሰል ማዕድን ማውጫ ዞልፈራይን ነው፤ ግቢው ሰፊና ደልዳላ ሲሆን፣ የከሰል ማጠቢያው ዛሬ የሩር ሙዚየም ሆኗል። ወደ ኤሰን ለመግባት ግን ብክለታቸው አነስተኛ ለሆነ መኪናዎች የሚሰጠው አረንጓዴ ተለጣፊ በመኪናው የፊት መስተዋት ላይ መኖር አለበት።

የሃይደልበርግ ወዳጅ፦ ግንብ ከሆነ ሃይደልበርግ ነው፤ ሌላ ማየት አላስፈለገኝም። ፈረንሳዮች በ1693 ያፈነዱት የግንቡ የባሩድ ማማ ግማሽ ጎኑ ሳይበታተን እንደተቆረሰ ዳቦ ወደ መከላከያ ቦዩ ተንሸራቶ እስካሁን እዚያው ጋደም ብሏል።

ተሳታፊ፦ ሌላውን ሳያዩ በምን አመዛዘኑት? በ1245 የተመሠረተው ራይንፌልስ በ1692 የፈረንሳይን ከበባ መክቶ የመለሰ ምሽግ ነው፤ የፈረሰው ከመቶ ዓመት በኋላ ያለ ውጊያ እጅ ከሰጠ ወዲህ ነው። ከራይን ወንዝ በላይ ስለቆመ አቀማመጡም ወደር የለውም።

የሃይደልበርግ ወዳጅ፦ ይሁን፤ እኔ ከሃይደልበርግ አልወጣም።

የዛርላንድ ነዋሪ፦ ዋናው ነገር አቅጣጫው ነው። ሃይደልበርግ ከፌልክሊንገን ጋር በደቡብ በኩል፣ ራይንፌልስ ደግሞ ከዞልፈራይን ጋር በሰሜን በኩል ይገጥማሉ፤ ማቀላቀል ቀኑን መንገድ ላይ ያስጨርሳል።

ጠያቂ፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሃይደልበርግ ብንሄድ ዳገቱ በጋሪ ይወጣል?

የሃይደልበርግ ወዳጅ፦ እህቴ፣ መግፋት አያስፈልግም። ከኮርንማርክት አደባባይ የሚነሣው የተራራ ባቡር ከግንቡ አጠገብ ያወርዳችኋል፤ የግንቡ ትኬት ባቡሩንም ይጨምራል።